ሊንክድኢንን ክፍል ውስጥ ያስገቡት የደቡብ አፍሪካ አሰልጣኞች፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውራ። ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፣ አካውንቲንግ፣ ሊንክድኢን (ሰው ትምህርቱንና ስራውን ጽፎ ከባለሙያዎችና ከቀጣሪዎች ጋር የሚገናኝበት ድረ ገጽ) ላይ አካውንትም አለኝ፣ ፎቶው ግን ማስተርሴን ስመረቅ በጋዋን የተነሳሁት ነው፣ ከዛ ወዲህ ገባ ብዬ ያየሁበትን ቀን አላስታውስም። ተማሪ ኮኔክት (እዛ ላይ እንተሳሰር) ብሎ ሲልክልኝ ወይ ሳላየው ወራት ይቆያል ወይ እሺ እለውና እዛው ላይ ያበቃል። ተመራቂዎች "መምህር፣ ስራ እንዴት ነው የምንፈልገው?" ሲሉኝ የምሰጠው መልስ ደግሞ ያው ሁላችንም የምንሰጠው ነው፣ ቴሌግራም ላይ የስራ ቻናሎቹን ተከታተሉ፣ ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ እዩ፣ ሲቪ አሳምሩ፣ ኤግዚት ኤግዛሙን እለፉ ብቻ፣ ሌላው እግዜር ያውቃል። ከዛ ቦርሳዬን አንስቼ እወጣለሁ።

በዚህ መልስ እንዳፍር ያደረገኝ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሰራ አንድ ሙከራ ነው፣ ዛሬ እሱን ከነዝርዝሩ ላውራችሁ ብዬ ነው፣ በተለይ መምህራን የሆናችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው እንዳትደናገሩ።

ነገሩ የሆነበትን ቦታ ሳያውቁ ውጤቱን መስማት ዋጋ የለውም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከ15 እስከ 24 ዓመት ካሉትና ስራ ከሚፈልጉት ወጣቶች ውስጥ ስራ ያጣው ከግማሽ በላይ ነው፣ ይሄ ለዓመታት ያልተለወጠ ነገር ነው። አፓርታይድ ጥቁሩን ህዝብ ከከተማው አውጥቶ ዳር ላይ ታውንሺፕ በሚባሉ ሰፈሮች ውስጥ ነው ያሰፈረው፣ አፓርታይድ ሄደ ሰፈሩ ግን እዛው ቀረ፣ ስለዚህ አንድ ልጅ ሲቪ ለማስገባት ብቻ ሁለት ሶስት ታክሲ መያዝ አለበት። ኢንተርኔቱም ውድ ነበር፣ በ2016 "የዳታ ዋጋ ይውረድ" የሚል ትልቅ ዘመቻ ተነስቶ ፓርላማ ድረስ ያደረሰው ለዛ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን በታክሲም በዳታም የማይገዛው ነገር ነው፣ እናትና አባቱ ቢሮ ውስጥ ሰርተው አያውቁም፣ አጎቱም አልሰራም፣ የሰፈሩ ልጅም እንደሱ ስራ ፈላጊ ነው፣ እና ይሄ ልጅ ባንክ ወይ ኮል ሴንተር ውስጥ ሰው በቀን ምን እየሰራ እንደሚውል የሚነግረው አንድም ሰው በዙሪያው የለም። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን የስራ መደብ ስም ራሱ ምን ማለት እንደሆነ አያውቀውም።

ለእንደዚህ አይነት ልጆች ነው ሃራምቤ የሚባለው ድርጅት በ2011 የተቋቋመው። ስሙ ከኬንያ የመጣ ነው፣ ተያይዘን እንሳብ እንደማለት፣ ድርጅቱ ግን ደቡብ አፍሪካዊ ነው፣ ለትርፍ የማይሰራ (በነገራችን ላይ ያኔ ስትመራው የነበረችው ማሪያና ኢስካንደር ናት፣ በ2022 ሄዳ ዊኪፔዲያን የሚያስተዳድረውን ፋውንዴሽን የመራችው)። አሰራራቸው ቀላል ነው፣ ስራ ሰርተው የማያውቁ ወይ ብዙም ያልሰሩ ወጣቶችን ይቀበላሉ፣ ሂሳብና የመግባባት ችሎታቸውን ይፈትናሉ፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያሰለጥናሉ፣ ከዛ ከቀጣሪ ጋር ያገናኛሉ። ስልጠናው ሰዓት ማክበርን፣ ኢንተርቪውን፣ ቢሮ ውስጥ እንዴት እንደሚኮን ምናምን ያጠቃልላል። ቀድሞም ጥሩ እየሰራ ያለ ፕሮግራም ነበር፣ ይሄን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሙከራው የተጀመረው በ2016 ነው። ተመራማሪዎቹ የጠየቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፣ በዚህ ባለው ስልጠና ላይ ሊንክድኢን አጠቃቀምን ብንጨምርበት የሚለወጥ ነገር አለ ወይ? 30 ባች ተያዘ፣ በድምሩ 1,638 ወጣቶች፣ ትላልቆቹ ከተሞች ውስጥ። ግማሹ ባች የተለመደውን ስልጠና ብቻ ወሰደ፣ ግማሹ ባች ደግሞ ያንኑ ስልጠና ከሊንክድኢን ጋር፣ የቱ ባች የቱን እንደሚያገኝ በዕጣ። ተማሪ በተማሪ ሳይሆን ባች በባች ዕጣ የወጣው ለምን እንደሆነ አስተምሮ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፣ አንድ ክፍል ውስጥ ለግማሹ ነግረህ ለግማሹ ብትደብቅ እኮ ከሻይ እረፍት በኋላ ሁሉም ያውቀዋል።

ምን አስተማሯቸው? ትልቅ ነገር የለውም። አካውንት መክፈት፣ ፕሮፋይል መስራት፣ የተማሩትንና የሰሩትን ነገር ቀጣሪ በሚገባው ቋንቋ መጻፍ፣ ሊቀጠሩበት የሚፈልጉትን መስሪያ ቤት ፈልጎ ማንበብ፣ እዛ የሚሰሩ ሰዎችን ማየት፣ ኮኔክሽን መጠየቅ፣ ግሩፕ መግባት፣ የሚያውቃቸውን ሰው ሪኮመንደሽን እንዲጽፍላቸው መጠየቅ። ጊዜውም ቢደመር ጥቂት ሰዓት ነው። ለዚህ ተብሎ የተከፈተ ሌላ ኮርስ አልነበረም፣ በሳምንታቱ ስልጠና ውስጥ እየተሸመነ የሄደ ነገር ነው።

ውጤቱ፣ ሊንክድኢን ካልተማሩት ባቾች ውስጥ ስልጠናው ሲያልቅ ስራ የያዘው ከ100 ሰው 70 አካባቢ ነበር፣ ከተማሩት ውስጥ ደግሞ 77 አካባቢ። 7 ሰው። ይሄ ልዩነት ከአንድ ዓመት በኋላም ሲታይ አልጠፋም። ጥናቱ በ2022 በአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ማህበር ጆርናል ወጣ፣ ሰውን ሊንክድኢን በማሰልጠን ላይ በዕጣ የተሰራ የመጀመሪያው ሙከራ ነው።

"7 ሰው ምን አላት" የሚል ይኖራል፣ እኔም መጀመሪያ ያልኩት ይሄንኑ ነው። ግን የዓለም ባንኩ ኢኮኖሚስት ዴቪድ ማኬንዚ በ2017 በታዳጊ ሀገሮች የተሰሩ እንደዚህ አይነት ሙከራዎችን ሰብስቦ ሲያይ የሙያ ስልጠና በአማካይ ለስራ የሚያበቃው ከ100 ሰልጣኝ 2 ተጨማሪ ሰው አካባቢ ነው። ወርክሾፕ ተከራይቶ፣ ማሽን ተገዝቶ፣ ወራት ፈጅቶ 2 ሰው። እዚህ ደግሞ ቀድሞ ጥሩ በሚሰራ ፕሮግራም ላይ ጥቂት ሰዓት ተጨምሮ 7። እና እኔ በዓመት ስንት ሰዓት ነው ክፍል ውስጥ አቴንዳንስ በመጥራት የማጠፋው?

አሁን ዋናው ጥያቄ፣ ለምን ሰራ? ብዙ ሰው "ቀጣሪዎች ፕሮፋይላቸውን አይተው ደወሉላቸው" ብሎ ያስባል። ጥናቱ ያለው ግን እሱን አይደለም። ያላቸው መረጃ በብዛት የሚጠቁመው ልጆቹ ፕላትፎርሙን ስለ ቀጣሪዎቹ ለማወቅ እንደተጠቀሙበት ነው፣ ሰው እንዲጠቁማቸው ማድረጉና ራሳቸውን ማሳየቱ ደግሞ ምናልባት አብሮ ረድቷል። ማለት ልጁ ከመታየቱ በፊት እሱ አየ። ያ ዘመድ የሌለው ልጅ፣ ቢሮ ውስጥ ምን እንደሚሰራ የሚነግረው አጎት የሌለው፣ ከስልኩ ላይ አጎት አገኘ በሉት። እዛ መስሪያ ቤት ያሉ ሰዎች ምን ተምረው ገቡ፣ ከየት ጀመሩ፣ ያ የስራ መደብ ስም ምን ማለት ነው፣ ይሄን ሁሉ አንብቦ ኢንተርቪው የገባ ልጅና ባዶውን የገባ ልጅ አንድ አይሆኑም።

እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የምናስተምረው ግን ግልባጩን ነው፣ ካስተማርን ማለቴ ነው። አንድ ሰው ጋብዘን ሁለት ሰዓት "ሄድላይን እንዲህ ጻፉ፣ ፎቶ በሱፍ ተነሱ" ይላል፣ ልጆቹ አካውንት ይከፍታሉ፣ እርስ በርስ ኮኔክት ይደራረጋሉ፣ 300 ኮኔክሽን ደረስኩ ይላል አንዱ፣ ከ300ው 280ው ግን የሱው ባች ናቸው፣ ሁሉም ስራ ፈላጊ። አንዱ የሚያየውን ማስታወቂያ ሌላው ቀድሞ በቴሌግራም አይቶታል።

ይሄ ነገር ከጥንት የታወቀ ነው። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል ሶሲዮሎጂስት በ1973 ባሳተመው ጽሁፍ፣ ቦስተን አጠገብ ኒውተን የምትባል ከተማ ውስጥ በሰው በኩል ስራ ያገኙ ሰዎችን ያንን የጠቆማችሁን ሰው በዛን ጊዜ ምን ያህል ታገኙት ነበር ብሎ ጠይቋል። ቶሎ ቶሎ እናገኘዋለን ያሉት 16.7 ፐርሰንት ብቻ ናቸው፣ አልፎ አልፎ ያሉት 55.6፣ ከስንት አንዴ ያሉት 27.8። የቅርብ ሰውህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ፣ አዲስ ወሬ የሚመጣው በሩቁ ከሚያውቅህ ነው። በ2022 ደግሞ ሳይንስ በሚባለው ጆርናል ላይ ከ20 ሚሊዮን በላይ የሊንክድኢን ተጠቃሚዎች ላይ ለ5 ዓመት የተሰራ ሙከራ ወጣ፣ ኩባንያው "ልታውቋቸው የምትችሉ ሰዎች" እያለ የሚያመጣውን ዝርዝር ለአንዳንዱ በሩቅ ትውውቅ ለአንዳንዱ በቅርብ እያበዛ ሲለዋውጥባቸው ነበር (ሙከራ ውስጥ መሆናቸው ሳይነገራቸው፣ በዚህም ብዙ ወቀሳ ደርሶበታል፣ እኔም ደስ አላለኝም)። ውጤቱ የግራኖቬተርን ነገር ደገፈ ግን አንድ ነገር አስተካከለ፣ በጋራ በሚያውቋቸው ሰዎች ብዛት ሲለካ በጣም የሚጠቅመው ጭራሽ የማታውቀው ሰው አይደለም፣ መሀል ላይ ያለው ነው፣ ጥቂት ሰው የምትጋሩት።

ጥቂት ሰው የምትጋሩት፣ ብዙም የማትገናኙት፣ ከባችህ ውጪ የሆነ ሰው። ለአንድ ተማሪ ይሄ ማነው? መምህሩ ነው እኮ። ከዛ ቀጥሎ ደግሞ መምህሩ ከአምስት ዓመት በፊት ያስተማረው ልጅ፣ ዛሬ የሆነ ኦዲት ድርጅት ውስጥ ያለው። በሁለቱ መሀል ድልድዩ እኔ ነኝ፣ ድልድዩ ግን በጋዋን ፎቶ ተነስቶ ተኝቷል። ተማሪ ኮኔክት ሲለኝ እሺ ማለቴ ራሱ ዝም ብሎ ጨዋነት መስሎኝ ነበር፣ ለካ አልጎሪዝሙ ከዛ በኋላ ለልጁ የሚያመጣለት የሰው ዝርዝር ይቀየራል። ይሄን የማያውቅ መምህር ምን እንደነፈገ አያውቅም።

"እኛ ሀገር ይሄ አይሰራም፣ እዚህ ዘመድ ነው" የሚለውን ክርክር አልንቀውም። ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ የተባለው ዝም ብሎ አይደለም። ጥናቱም ይደግፋችኋል፣ ያን ጊዜ ቻይና ውስጥ ስራ በመንግስት ምደባ ይሰጥ በነበረበት ያንጂ ቢያን የሚባል ተመራማሪ በ1988 ቲያንጂን ከተማ ላይ ባደረገው ጥናት ስራ የሚያስገኘው የቅርብ ትስስር ሆኖ ነው ያገኘው፣ ምክንያቱም ባለስልጣኑ ወሬ ሳይሆን ውለታ ነው የሚሰጠው፣ ውለታ ደግሞ ለማያምነው ሰው አይሰጥም። ያ የ20 ሚሊዮኑ ሙከራም ቢሆን ዲጂታል ባልሆኑ ዘርፎች የቅርብ ሰው የበለጠ እንደሚጠቅም አሳይቷል። ስለዚህ ለቀበሌ ስራና ለሶፍትዌር ስራ ምክሩ አንድ አይደለም፣ መምህር ይሄን ለይቶ መንገር አለበት፣ ሁሉንም "ሊንክድኢን ክፈቱ" ብሎ መገላገል እኔ ከምሰጠው የድሮ መልስ አይሻልም።

ግን እዚሁ አዲስ አበባ የተሰራ ነገር አለ፣ ብዙ መምህር የማያውቀው። የውጭ ኢኮኖሚስቶች ከእኛው ኢኮኖሚስት ከጊሩም አበበ ጋር ሆነው የሰሩት ነው፣ በ2021 ታትሟል። ስራ ፈላጊ ወጣቶችን በዕጣ ከፈሉ፣ ለአንዱ ክፍል የትራንስፖርት ብር ሰጡ፣ ከሰፈራቸው መሀል ከተማ ድረስ ሄደው የማስታወቂያ ቦርድ ላይ የተለጠፈውን እንዲያዩ (ያ ቦርድ ፊት ለፊት አንገቱን አቅንቶ ቆሞ ያልገለበጠ ተመራቂ የለም መቼስ)። ለሌላው ክፍል ደግሞ ኮሜርስ ውስጥ ወርክሾፕ ሰጡ፣ ሲቪና የማመልከቻ ደብዳቤ አጻጻፍ፣ ኢንተርቪው፣ ችሎታቸውን የሚለካ ፈተናና ውጤቱን የያዘ ሰርተፍኬት። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ረዱ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይ የትራንስፖርቱ ጥቅም ተኖ ጠፍቷል፣ የወርክሾፑ ግን ገቢያቸው ላይ ሳይቀር ይታያል፣ ያውም ይበልጥ የተጠቀሙት ሌላ ጊዜ ስራ ገበያው የሚጥላቸው ልጆች ናቸው። ልጆቹ ችሎታው ነበራቸው፣ ቀጣሪው ነው ማየት ያልቻለው።

ሁለቱን ጥናቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነው ነገሩ የገባኝ። ደቡብ አፍሪካ ላይ ልጁ ቀጣሪውን አየ፣ አዲስ አበባ ላይ ቀጣሪው ልጁን አየ። በሁለቱም መሀል ላይ የቆመ አሰልጣኝ አለ፣ ነገሩን የሚያውቅ።

አሁን የሙከራውን ድክመት ሳልናገር ባልፍ አስተማሪ አይደለሁም። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር፣ የሃራምቤ ልጆች ተፈትነው የገቡ ናቸው፣ ድርጅቱም ቀጣሪዎችን ያውቃል፣ ሊንክድኢን ባይማሩ እንኳ ከ100ው 70ው ስራ ይይዙ ነበር። ባዶ ገበያ ላይ ሊንክድኢን ስራ አይፈጥርም። ሁለተኛ፣ እነዚያ 7 ልጆች ስራ የያዙት ሌላ 7 ልጅ ሊይዘው የነበረውን ቦታ ይሁን አይሁን ከዚህ ጥናት አይታወቅም። ሶስተኛ፣ ቀጣሪዎቹ ፕላትፎርሙ ላይ በብዛት ያሉበት ሀገር ነው፣ እኛ ጋ ባንኩ፣ ኤንጂኦው፣ ቴክ ድርጅቱ አለ፣ ብዙው ነጋዴና ፋብሪካ ግን ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ ነው የሚለቀው ወይ ጭራሽ አይለቅም። አራተኛውን ማንም መናገር አይወድም፣ የውሸት ስራም እዚሁ መንገድ ላይ ነው የሚመጣው። በ2025 መጀመሪያ ከማይናማር የኦንላይን ማጭበርበሪያ ካምፖች ከወጡት ሰዎች ውስጥ ብዙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፣ እንደነሱ ያሉ ሰዎች እዛ የሚደርሱት ጥሩ ደሞዝ ያለው የውጭ ስራ ተብለው ነው። መስሪያ ቤቱ ውስጥ በእውነት የሚሰራ ሰው አለ ወይ ብሎ ማጣራት፣ ያ ሰው ከመቼ ጀምሮ እዛ እንዳለ ማየት፣ ኢንቦክስ ያደረገልህ "ኤች አር" አካውንቱን ባለፈው ወር እንደከፈተ መለየት፣ ይሄ ሁሉ ሃራምቤ ያስተማረው ያው ችሎታ ነው፣ ቀጣሪን ማንበብ።

እኔ ምን አደረግኩ? ትልቅ ነገር አልሰራሁም። ሊንክድኢን የዩኒቨርሲቲዎች ገጽ ላይ የቀድሞ ተማሪዎችን የሚያሳይ ክፍል አለው፣ በየት ከተማ፣ በየት ድርጅት፣ በምን ስራ ላይ እንዳሉ ከፋፍሎ ያወጣል፣ ይሄ መኖሩን ያወቅኩት በዚህ ሰበብ ነው። አንድ ከሰዓት ቁጭ ብዬ የእኛን ገጽ ሳገላብጥ ዋልኩ። አካውንቲንግ ተምረው ዳታ ላይ የሚሰሩ አሉ፣ አንዱ ዱባይ ሎጂስቲክስ ውስጥ ገብቷል፣ አንዷ ያን ጊዜ ኤፍ ሰጥቻት በድጋሚ የወሰደች ልጅ የአንድ ድርጅት ፋይናንስ ሃላፊ ሆናለች (ሪኩዌስት ላኩላት፣ ተቀበለችኝ፣ ኤፉን አላነሳችም)። እኔ ክፍል ውስጥ ስነግራቸው የነበረው ባንክና ኦዲት ብቻ ነበር።

ከዛ የተመራቂዎቹን አንድ ክፍለ ጊዜ ወስጄ ስራ ሰጠኋቸው፣ ከእኛው ዲፓርትመንት የወጡ፣ የማታውቋቸው፣ ሶስት ሰዎች ፈልጉ፣ ከተመረቁ ጀምሮ እስከ ዛሬ የሄዱበትን መንገድ ጽፋችሁ አምጡ፣ ስራ አስቀጥሩኝ ብላችሁ ግን እንዳትጽፉላቸው። ዋይፋዩ የሞተ ቀን ነበር፣ ግማሹ በራሱ ዳታ ነው የሰራው፣ እሱንም ሳልዘጋጅ በመግባቴ የኔ ጥፋት ነው።

በሳምንቱ አንዷ ልጅ ሪኮመንደሽን ጻፉልኝ ብላ ላከችልኝ። ሁለት ኮርስ አስተምሬያታለሁ፣ ሲኒየር ፕሮጀክታቸውንም ያማከርኩት እኔ ነኝ። ከፈትኩና "ጎበዝና ታታሪ ተማሪ ናት" ብዬ ጀመርኩ፣ ከዛ ቆምኩ። ሌላ የምጽፈው አጣሁ። ውጤቷን አውቃለሁ፣ ሶስተኛ ረድፍ እንደምትቀመጥ አውቃለሁ፣ በቃ። ጠቋሚ ሁን ስባል የምጠቁመው ነገር የለኝም።

ደወልኩላት። "ያ የአነስተኛ ነጋዴዎች የሂሳብ አያያዝ ፕሮጀክታችሁ ላይ አንቺ የሰራሽው የትኛውን ነበር?" አልኳት።

ትንሽ ዝም አለች፣ የምቀጣት መስሏት ነው መሰለኝ። "ዳታ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ መምህር" አለችኝ፣ "40 ሱቅ ነው የሄድኩት። መጀመሪያ ደብተራቸውን አናሳይም ብለውኝ ነበር፣ የግብር ሰው መስያቸው። አንድ ሳምንት ሙሉ እየሄድኩ ዱቤ የሚጽፉበትን ደብተር በነፃ አስተካከልኩላቸው፣ ከዛ 31 ሰዎች አሳዩኝ።"

ይሄ ሪፖርታቸው ውስጥ "መረጃው በመጠይቅ ተሰብስቧል" ተብሎ ነው የተጻፈው፣ እኔም ፈርሜበታለሁ። ያቺን ጎበዝና ታታሪ የምትለዋን መስመር አጥፍቼ የነገረችኝን እንዳለ ጻፍኩት።